በአርቲቦኒት ወንዝ ዳር፤ ስለ ርዳታ ሰጪና ስለ ተረጂ አገር

የሃይቲ ስም በራዲዮም በጋዜጣም በተነሣ ቍጥር ከመከራ ወሬ ጋር አብሮ ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ የምድር መንቀጥቀጥ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ዐውሎ ነፋስ ነው፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ የታጠቁ ወሮበሎች ነገር ነው። ከመከራው ወሬ ቀጥሎም ዘወትር የርዳታው ወሬ ይከተላል። ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ፥ ይህን ያህል መርከብ እህል ተላከ ይባላል። አስተውሎ የሚሰማ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። ከሰባ ዓመት በላይ ሲረዳ የኖረ አገር ስለ ምን ራሱን ሳይችል ቀረ? ገንዘቡ ስላነሰ ነውን? ሕዝቡ ሰነፍ ስለ ሆነ ነውን? ወይስ በአሰጣጡ ላይ አንዳች ጕድለት አለ?

ነገሩን በሙሉ ለመዘርዘር ትልቅ መጽሐፍ ያሻል። ስለዚህ እኛ አንድ ወንዝ ብቻ ተከትለን ለመውረድ ወደድን። ወንዙ አርቲቦኒት ይባላል። ከጎረቤቲቱ ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ ተራሮች ይነሣና ሃይቲን አቋርጦ ወደ ባሕር ይገባል፤ በደሴቲቱ ላይ ካሉት ወንዞች ሁሉ በርዝመት የሚበልጠው እርሱ ነው። በታችኛው ሸለቆው የአገሪቱ ሩዝ ይበቅላል። የውጭ ርዳታ የሚባለው ነገር በልዩ ልዩ መልኩ፥ ግድብ ሆኖ፥ እህል ሆኖ፥ ወታደር ሆኖ፥ ሐኪምም ሆኖ በዚህ ወንዝ ዳር አልፏል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ሃይቲ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። የባርነትን ሰንሰለት በገዛ ክንዳቸው ሰብረው፥ የናፖሌዎንን ጦር ድል ነሥተው፥ በ1804 ነጻ መንግሥት ያቆሙ ጥቁሮች አገር ናት። ከዓድዋ ድል በኋላ ቤኒቶ ሲልቬን የሚባል የሃይቲ ሰው ባሕር ተሻግሮ እስከ አዲስ አበባ በመምጣት በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀርቦ ነበር። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ነገር በመንግሥታት ማኅበር በተነሣ ጊዜም የሃይቲ መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ቆሞ፥ ዛሬ ይህን ዝም ብሎ የሚያይ መንግሥት ነገ በተራው የሌላው ኢትዮጵያ እንዳይሆን ይፍራ ብሎ ታላላቆቹን መንግሥታት አስጠንቅቋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1966 የካሪቢያንን ደሴቶች በጐበኙ ጊዜ ሃይቲን ሳይረግጡ አልተመለሱም። እንግዲህ የምናወራው ስለ ወዳጅ ቤት ነው።

ይህ ወዳጅ ሕዝብ ነጻነቱን እንዲያው አልተተወለትም። በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ የጦር መርከቦች ልኮ፥ ንብረታቸውን ላጡት ለቀድሞዎቹ የባሪያ ጌቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ካልከፈላችሁ ነጻነታችሁን አላውቅላችሁም አለ። በ1838 ዕዳው ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፥ እርሱን ለመክፈል ሲባል የመጣው ብድርና ወለድ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። በዚህ መካከል ከ1915 እስከ 1934 የአሜሪካ ወታደሮች አገሪቱን ይዘው ኖረዋል። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሊውል የሚገባው ገንዘብ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ውጭ ሲፈስ መኖሩን ሳያስብ፥ የሃይቲ መንግሥት ስለ ምን ደከመ ብሎ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ጐደሎ ነው።

አሁን ወደ ወንዙ እንሂድ። በአርቲቦኒት ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ታላቅ የልማት ሥራ የፔሊግር ግድብ ነው። በፕሬዚዳንት ፖል ማግሏር ዘመን፥ ከአሜሪካ መንግሥት ባንክ በተገኘ ብድር ተሠርቶ በ1956 ተፈጸመ። ዐሳቡ መልካም ነበር። ጎርፉን ይገታል፥ የታችኛውን ሸለቆ እርሻ ያጠጣል፥ ኋላም የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል ተባለ። ነገር ግን ግድቡ በተዘጋ ጊዜ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ የላይኛውን ሸለቆ ለም መሬት ዋጠው። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ባላገሮች ብዙዎቹ ካሣ የሚባል ነገር አላዩም። ውኃው እስከ ደጃፋቸው ሲደርስ ያላቸውን ተሸክመው ወደ ተራራው ወጡ። በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ካንዥ የተባለች የስደተኞች መንደር ተቈረቈረች። የመብራቱ መኪና በ1971 መሥራት ሲጀምር ኃይሉ የሄደው ወደ ዋና ከተማው ወደ ፖርት ኦ ፕሬንስ ነበር፤ የካንዥ ሰዎች እርሻቸውን የሸፈነውን ሐይቅ ቁልቁል እያዩ በኩራዝ ያመሹ ነበር።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ለም መሬቱን ያጣ ገበሬ ተራራውን ያርሳል፤ ተራራው አልበቃ ሲለው ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። የወረደው አፈር ያንኑ ሐይቅ እየሞላ የግድቡን ጕልበት ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰው። ግድቡን የሠሩት ሰዎች ክፉዎች እንዳልነበሩ እናምናለን። ነገር ግን ተጠያቂነታቸው ለማን እንደ ነበር መጠየቅ የተገባ ነው። ሥራው በጊዜውና በልኩ መፈጸሙን የሚጠይቅ አበዳሪ ነበረ፤ ማሳው የሚሰጥምበት ገበሬ ግን ተነሥቶ የሚናገርበት ሸንጎ አልተዘጋጀለትም። ይህን ጥያቄ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ታች በወረድን ቍጥር ደጋግሞ ያገኘናል።

ከወንዙ ጥቂት ወጣ ብለን ደግሞ ስለ አሳማ እንናገር። ይህ እንስሳ በእኛ ቤት የማይበላ ስለ ሆነ አንባቢ ፊቱን እንዳያዞርብን እንለምናለን። ለሃይቲ ባላገር ጥቁሩ አሳማ ለእኛ ባላገር በግና ፍየል የሆኑትን ያህል ነበር። የወደቀ ፍሬና የቤት ትራፊ እየለቀመ ያለ ብዙ ድካም ያድጋል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፥ ሠርግ ሲደገስ፥ ወይም ሞት ድንገት ሲመጣ ይሸጣል። ባንክ ለማያውቀው ገጠር ባንኩ እርሱ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአፍሪካ አሳማ ትኵሳት የሚባለው በሽታ ወደ ደሴቲቱ ገባ። አሜሪካም በሽታው ወደ ራስዋ አርቢዎች እንዳይሻገር ስለ ሠጋች፥ በርስዋና በጎረቤቶችዋ ወጪ ከ1981 እስከ 1983 በሃይቲ የሚገኘው አሳማ ሁሉ እየታደነ እንዲገደል ተደረገ።

በምትኩ ከአሜሪካ የመጡ ነጫጭ አሳማዎች ታደሉ። እነዚህ ግን ተገዝቶ የሚቀርብ መኖ፥ ንጹሕ ውኃ፥ ጣራና የሲሚንቶ ወለል የሚሹ ነበሩ። ባላገሩ ለልጆቹ ያላገኘውን ቤት ለአሳማ ከየት አምጥቶ ይሥራ? መሳፍንት ብሎ ስም አወጣላቸውና ቀለደባቸው። ቀልዱ ግን መራራ ነበር፤ የሚሸጠው አጥቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣ ብዙ ነውና። በሽታውን ማጥፋት ያስፈልግ ነበር ቢባል እንኳ፥ የባላገሩን አኗኗር የሚያውቅ አንድ ሰው በምክሩ ላይ ቢገኝ ኖሮ የምትኩ እንስሳ ዓይነት ሌላ በሆነ ነበር ብለን እንገምታለን።

የታችኛው አርቲቦኒት የሩዝ አገር መሆኑን ቀደም ብለን ተናግረናል። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሃይቲ የምትበላውን ሩዝ አብዛኛውን ራስዋ ታመርት ነበር። ከ1957 እስከ 1986 አገሪቱን የገዙት አባትና ልጅ ዱቫልዬዎች ከወደቁ በኋላ፥ አበዳሪዎችና ርዳታ ሰጪዎች ብድር የምታገኙት በራችሁን ለንግድ ስትከፍቱ ነው አሉ። በ1991 በመፈንቅለ መንግሥት ተባርሮ የነበረው ፕሬዚዳንት አሪስቲድ በ1994 በአሜሪካ ጦር ታጅቦ ሲመለስም ይኸው ምክር አብሮት ተመለሰ። በ1995 በውጭ ሩዝ ላይ የነበረው ቀረጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ። የአሜሪካ ገበሬ በመንግሥቱ ገንዘብ የተደገፈ ስለ ሆነ ሩዙን በርካሽ መሸጥ ይችላል። ሃይቲያውያን የማያሚ ሩዝ የሚሉት ይህ እህል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው፥ በበሬና በዶማ የሚያርሰው የአርቲቦኒት ገበሬ ዋጋውን ሊወዳደር አልቻለም። ብዙዎች ማሳቸውን ትተው ወደ ፖርት ኦ ፕሬንስ ተሰደዱ፤ በገደሉና በሸንተረሩ ላይም ጥብቅ ብረት በሌለው ብሎኬት ቤት ሠሩ።

በማርች 2010 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፥ ይህ የሩዝ ፖሊሲ ለርሱ ክፍለ አገር ለአርካንሳስ ገበሬዎች ጠቅሞ ይሆናል እንጂ ለሃይቲ እንዳልሠራ፥ የሃይቲ ሕዝብ ራሱን የመመገብ ችሎታ በማጣቱም ከኃላፊዎቹ አንዱ እርሱ መሆኑን ተናገረ። እንዲህ በግልጥ የተናገረ የመንግሥት ሰው እምብዛም ስለማይገኝ እናመሰግነዋለን። ቀረጡ ግን ያን ጊዜ ከወረደ 15 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ገበሬውም ከተማ ገብቶ ነበር።

ገበሬው ከተማ ገብቶ ሳለ ጃኑዋሪ 12 ቀን 2010 ከቀትር በኋላ ምድር ተናወጠች። የመናወጡ ኃይል በመለኪያው 7.0 ነበር። የሃይቲ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር ከ220,000 በላይ ብሎ አስታወቀ፤ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹም አብዛኞቹ ፈረሱ። የዓለም ሕዝብ ልብ ያን ጊዜ በእውነት ተነካ። ከሀብታሙም ከድኻውም ገንዘብ ተዋጣ። ማርች 31 ቀን በኒው ዮርክ በተደረገው ጉባኤ መንግሥታትና ድርጅቶች በጠቅላላው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ሆኖም ለ2010ና ለ2011 ተብሎ ከተገባው ቃል፥ ሁለቱ ዓመት ሲፈጸም በእጅ የገባው ግማሽ ያህሉ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

የተሰጠውስ ወዴት ሄደ? በአደጋው ማግስት ከወጣው የነፍስ አድን ገንዘብ በሃይቲ መንግሥት እጅ ያለፈው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው የሄደው ወደ ሰጪዎቹ ወደ ራሳቸው ወታደርና የሲቪል መሥሪያ ቤቶች፥ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅርንጫፎች፥ ወደ ውጭ ግብረ ሠናይ ማኅበራትና ወደ ኩባንያዎች ነው። የአሜሪካ የርዳታ መሥሪያ ቤት በሃይቲ ስም ከተዋዋለው የሥራ ውል ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው በዋሺንግተን ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ድርጅቶች ሲደርስ፥ ለሃይቲ ኩባንያዎች በቀጥታ የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነው። አንዱ ድርጅት ለሌላው፥ ሌላውም ለሦስተኛው ሥራውን ሲያስተላልፍ እያንዳንዱ ለቢሮው፥ ለመኪናውና ለሠራተኛው የሚበቃውን ይቀንሳል። በ2015 ደግሞ ሁለት የአሜሪካ የዜና ድርጅቶች ባደረጉት ምርመራ፥ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለሃይቲ ከሰበሰበው ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብ የሠራው አዲስ ቋሚ ቤት 6 ብቻ መሆኑን ጻፉ። ማኅበሩ በበኩሉ ገንዘቡ ለጊዜያዊ መጠለያ፥ ለቤት ጥገናና ለሕክምና መዋሉን ተናግሯል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የመልሶ ግንባታውን ሥራ እንዲመራ የተቋቋመው ኮሚሽን ሁለት ሊቃነ መናብርት ነበሩት፤ አንዱ ቢል ክሊንተን፥ ሁለተኛው የሃይቲው ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ማክስ ቤልሪቭ። ገና ዓመቱ ሳይሞላ በዲሴምበር 2010 የሃይቲ አባላት ነገሩ ሳይነገረንና ሳንመክርበት ይወሰናል ብለው በጽሑፍ አቤቱታ አቀረቡ። የኮሚሽኑ ዕድሜም በኦክቶበር 2011 አበቃና አልታደሰም። ከዚህ የሚከፋው ግን በቀስታ የሚሠራው ጕዳት ነው። የውጭ ድርጅት ለአንድ ነርስ ወይም ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ መንግሥት ሊከፍል ከሚችለው እጥፍ ድርብ ይከፍላል። ነርሷ የልጆችዋን ዳቦ ዐስባ ብትሄድ አትፈረድም። እርስዋ ከሄደች በኋላ ግን የመንግሥቱ ጤና ጣቢያ ባዶ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት የውጭው ድርጅት ሰዎች መጥተው ያዩና፥ መንግሥት ጤና ጣቢያውን ማስተዳደር አልቻለም ብለው ጽፈው ሌላ የራሳቸውን ጣቢያ ይከፍታሉ።

ወንዙ የሞትን ነገር ያወረደበት ጊዜ ደግሞ በዚያው በ2010 በኦክቶበር ነው። ከፔሊግር ግድብ በታች ሚርባሌ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ አጠገብ ሜይ በምትባል ትንሽ መንደር፥ ከ2004 ጀምሮ ሰላም ያስከብር ዘንድ በሃይቲ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አንዱ ሰፈር ይገኝ ነበር። በዚያ ወር ከኔፓል አዲስ ወታደሮች መጡ። በኔፓል በዚያው ሰሞን ኮሌራ ነበረ፤ ወታደሮቹ ግን ከመነሣታቸው በፊት የበሽታው ተሸካሚዎች መሆን አለመሆናቸው አልተመረመረም። የሰፈሩም የመጸዳጃ ቤት እዳሪ በአግባቡ ስላልተያዘ ወደ ጅረቱ ገባ፤ ጅረቱም ወደ አርቲቦኒት ይወርዳል። የወንዙ ዳር ሕዝብ የሚጠጣውም የሚታጠብበትም ማሳውን የሚያጠጣበትም ያ ውኃ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ በታችኛው ሸለቆ ያሉ ሐኪም ቤቶች በበሽተኛ ተጨናነቁ፤ ሰውም በሐኪም ቤቱ ግቢና በመንገድ ዳር ይረግፍ ጀመር። ከዚያ በፊት ቢያንስ ለመቶ ዓመት በሃይቲ ኮሌራ ታይቶ አያውቅም ነበር።

ኮሌራ በትውኪያና በተቅማጥ የሰውን ገላ አድርቆ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል በሽታ ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ንጹሕ ውኃ፥ ጨውና ስኳር በልኩ ቀላቅሎ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፥ ለጠናበትም በደም ሥር ውኃ መስጠት ነው። ንጹሕ ውኃ በሌለበት አገር ግን ቀላሉ መድኃኒት ሩቅ ነው። በሽታው እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ከ820,000 በላይ ሰው አሟል፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ገድሏል።

ፈረንሳዊው የወረርሽኝ ሊቅ ረኖ ፒያሩ በሃይቲ መንግሥት ጥሪ መጥቶ የበሽታውን ፍለጋ ወደ ላይ ተከትሎ ምንጩ እዚያው ሰፈር አጠገብ መሆኑን ገለጠ፤ የበሽታው ዘርም በኋላ ሲመረመር የኔፓሉ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ግን በመጀመሪያ ካደ፤ ቀጥሎም ማን እንዳመጣው መጠየቅ አይጠቅምም፥ ሕሙማኑን እንርዳ አለ። በኖቬምበር 2011 የሟቾቹ ቤተሰቦችና ከሞት የተረፉት ለድርጅቱ የካሣ ጥያቄ አቀረቡ። በፌብሩዋሪ 2013 የተሰጣቸው መልስ፥ ጥያቄያችሁ ሊታይ አይችልም የሚል ነበር። በ1946 የወጣው ስምምነት ድርጅቱ በማንኛውም አገር ፍርድ ቤት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋልና። በአሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበው ክስም በይግባኝ በ2016 ወደቀ። የሚያስደንቀው ነገር፥ ያው ስምምነት ድርጅቱ ለተበደለ ሰው ራሱ የሽምግልና መንገድ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋጀም። ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ዋና ጸሓፊው ባን ኪ ሙን ስለ ወረርሽኙና ስለ መስፋፋቱ ማድረግ የሚገባንን አላደረግንም ብለው የሃይቲን ሕዝብ በክሬዮልኛ ቋንቋ ጭምር ይቅርታ ለመኑ። 400 ሚሊዮን ዶላር እንሰበስባለን ተባለ፤ ከዚያ የተዋጣው ጥቂቱ ብቻ ነው።

እስቲ አንባቢ ይህን በቤቱ ያስበው። በእኛ መንደር የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን ማሳ ቢበላ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ ካሣ ይቈረጣል፥ ባለበሬውም ቢያንስ በዳኛ ፊት ይቆማል። እናቱን በኮሌራ የቀበረ የአርቲቦኒት ልጅ ግን በደል አድራሹን ስሙን እያወቀ፥ ሰፈሩን እያየ፥ የሚያቆምበት ዳኛ አጣ። የመጡት ሰዎች የመጡት ሊረዱት ነበር፤ በሃይቲ ምድር ግን ተጠሪ አልነበሩም።

ይህን ስንል የሃይቲን መሪዎች ከበደል ነጻ ናቸው ማለታችን አይደለም። ዱቫልዬዎች ሕዝባቸውን ገድለዋል፥ ግምጃ ቤቱንም ዘርፈዋል። ሰጪዎች ገንዘባቸውን ለመንግሥት ለመስጠት የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2008 ጀምሮ ቬኔዙዌላ ነዳጅ በቀላል ብድር እየሰጠች ዋጋው ለልማት እንዲውል ፈቅዳ ነበር። ያ ገንዘብ፥ ከሌላው ርዳታ በተለየ መንገድ፥ በቀጥታ በሃይቲ መንግሥት እጅ ገባ። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። የአገሪቱ የሒሳብ ተቈጣጣሪ ፍርድ ቤት ከ2019 ጀምሮ ባወጣው ምርመራ ብዙ ያልተጀመረ ሥራ፥ ሁለት ጊዜ የተከፈለበት መንገድና ያለቦታው የገባ ውል ተገኘ። በ2018 ወጣቶች ገንዘባችን የት ገባ እያሉ አደባባይ የወጡት ስለዚህ ነው። እንግዲህ መንግሥትን ማለፍም፥ ለመንግሥት ዐይንን ጨፍኖ መስጠትም፥ ሁለቱም አንድ ጕድለት አለባቸው፤ በሁለቱም ገበሬው ሒሳብ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። ልዩነቱ የሃይቲ ወጣት የራሱን ሹማምንት ገንዘቤ የት ገባ ብሎ በአደባባይ ሊጮህባቸው መቻሉ ነው። በኒው ዮርክ ጉባኤ ለተገባው ቃል ግን በየትኛው አደባባይ ይጮሃል?

በዚሁ ወንዝ ዳር ሌላ ዓይነት ርዳታም ታይቷል፤ እርሱን ሳንናገር ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። ግድቡ ካፈናቀላቸው ሰዎች መንደር ከካንዥ፥ በ1980ዎቹ ፍሪትዝ ላፎንታን የሚባሉ የሃይቲ ቄስና ፖል ፋርመር የሚባል ወጣት አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አቋቋሙ። በአገሩ ቋንቋ ዛንሚ ላሳንቴ፥ የጤና ወዳጆች ማለት ነው፥ ተባለ። ሥራው የቆመው በመንደሩ ሰዎች ላይ ነበር። በሳንባ ነቀርሳና በኋላም በኤድስ የታመመውን ሰው በየቀኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ መድኃኒቱን መዋጡን የሚያይ፥ ራቱንም የሚጠይቅ ጎረቤት ተመርጦ፥ ሠልጥኖ፥ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ጠቢባን የኤድስ መድኃኒት ለድኻ አገር አይሆንም፥ ሰዓት ጠብቀው መዋጥ አይችሉም ይሉ ነበር፤ ካንዥ ግን መቻሉን አሳየች።

ከምድር መንቀጥቀጡ በኋላም ይኸው ማኅበር ከሃይቲ የጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በሚርባሌ፥ ኮሌራው በጀመረበት አቅራቢያ ማለት ነው፥ 300 አልጋ ያለው የማስተማሪያ ሆስፒታል ሠራና በ2013 ተከፈተ። ሆስፒታሉ የመንግሥት ነው፤ ከጣራው ላይ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል አለው፤ የሃይቲ ሐኪሞችና ነርሶች የሚሠለጥኑበት ነበር። ለሌላ አገር ሐኪም ቤት የሚሸሹ ሠራተኞችን የሚሰበስብ፥ ተማሪን በአገሩ የሚያቆይ ቤት ሆነ። ዶክተር ፋርመር በ2022 በሩዋንዳ ዐረፈ።

ሆኖም መልካም ሥራም ቢሆን መንግሥት በሌለበት አገር ለብቻው ሊቆም አልቻለም። በጁላይ 2021 ፕሬዚዳንት ዦቭኔል ሞይዝ በመኖሪያ ቤቱ ሳለ በታጠቁ ሰዎች ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ወሮበሎቹ የዋና ከተማውን አብዛኛውን ክፍል ያዙ፤ ኮሌራም በ2022 ተመለሰ። በጁን 2024 የኬንያ ፖሊሶች ለርዳታ ገቡ፤ በሴፕቴምበር 2025 የጸጥታው ምክር ቤት በቦታቸው የሚበልጥ ኃይል እንዲተካ ወሰነ። በዚያ ዓመት ከቤታቸው የተፈናቀሉት ሰዎች ቍጥር ከ1.3 ሚሊዮን አልፎ ነበር። የአሜሪካ የርዳታ መሥሪያ ቤትም በ2025 ራሱ ተዘጋ። በማርች 2025 መጨረሻ ወሮበሎቹ ሚርባሌን ወረሩ፤ እስር ቤቱን ሰብረው እስረኞቹን ለቀቁ። ያ ታላቅ ሆስፒታልም በሽተኞቹን አስወጥቶ ሥራውን አቆመ። ይህን ወሬ የሰማን ቀን አዘንን፤ ርዳታ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ብለን የምናሳየው ቤት እርሱ ነበርና።

ለመጨረሻ ከአርቲቦኒት ወጥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ ወደ ዶሚኒካን ድንበር እንሻገር። በዋናሜንት ከተማ አጠገብ ሁለቱን አገሮች የሚለይ ወንዝ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ማሳክር፥ እልቂት ማለት ነው፤ በ1937 የዶሚኒካኑ አምባገነን ትሩሂዮ ብዙ ሺህ ሃይቲያውያን በዚያ ድንበር አካባቢ አስፈጅቷል፥ ምንም እንኳ ስሙ ከዚያ የቀደመ ቢሆን። ከዚህ ወንዝ ውኃ ጠልፎ የማሪባሩን ሜዳ የሚያጠጣ ቦይ በመንግሥት ተጀምሮ ነበር፤ በ2021 ፕሬዚዳንቱ ሲገደል ሥራው ቆመ። በ2023 የአካባቢው ገበሬዎች ማንንም ሳይጠብቁ አካፋና ዶማ ይዘው ቀጠሉት። ሃይቲያውያን ኮንቢት የሚሉት ልማድ አላቸው፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። አንዱ ይቈፍራል፥ አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፥ ግንበኛው ይገነባል፥ ሴቶች ምግብ ያበስላሉ። በአሜሪካና በሌላ አገር የሚኖሩ ሃይቲያውያን ለሲሚንቶ የሚሆን ገንዘብ ሰደዱ። የዶሚኒካን መንግሥት ውኃዬን ትጠልፋላችሁ ብሎ በሴፕቴምበር 2023 ድንበሩን በየብስም በባሕርም በአየርም ዘጋው፤ ገበያ የሚውሉት ድኾች በዚያ ተጐዱ። ቦዩ በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ ጕድለት አለበት ያሉም ነበሩ፤ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል።

ቈፋሪዎቹ ግን ሥራውን አላቆሙም። ሒሳቡን የሚጠይቋቸው እዚያው አብረዋቸው የሚቈፍሩት ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ቦዩ የሚያጠጣው ሜዳ ሩዝና ቦሎቄ የሚዘራበት ነው።